አንዱን ስፕራይት ስናርም ሁሉም እንዲታረም ምን እናድርግ? (ጂምፕ፣ ክሪታ፣ ጎዶት)

ማራኪ_ፒክስል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የጎንደርን ጥምቀት የሚያሳይ የስልክ ጨዋታ በፒክስል አርት እየሠራን ነው። ሥዕሉ በሙሉ 512 በ512 ፒክስል በሆነ አንድ ስፕራይት ሺት (የጨዋታው ትንንሽ ሥዕሎች፣ ማለትም ስፕራይቶች፣ በአንድነት የተደረደሩበት ምስል) ላይ ተቀምጧል። አንዱ ክፍል 32 በ32 ስለሆነ 16 ረድፍ በ16 ዓምድ፣ ማለትም 256 ክፍል ይወጣዋል። የቸገረን ተደጋጋሚ ሥዕሎችን ማረም ነው።

ጥላ የያዘው ዲያቆን በአራት አቅጣጫ ይራመዳል፤ በየአቅጣጫው 6 ፍሬም (የእንቅስቃሴ ሥዕል) አለው። ያው አንድ ጥላ 24 ጊዜ ተሥሏል ማለት ነው። ፍሬሞቹ የሺቱን የመጀመሪያ አራት ረድፎች ይይዛሉ፣ ጥላው ደግሞ በየክፍሉ ከላይ ያለውን 14 ፒክስል። እስካሁን ቀይ ብቻ ነበር፤ አሁን ከታቦቱ ጋር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ጥላ የያዙ ዲያቆናት እንዲኖሩ እንፈልጋለን። 24ቱን በአራት ማባዛት 96 ሥዕል ነው። ያው ቀይ የዲያቆኑ ካባ ላይም ስላለ በቀለም መርጠን ስንቀይር ካባውም አብሮ ይሄዳል።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ለማሳየት ደግሞ 8 ዓይነት የመልአክ ፊት ሠርተን 10 በ6 አድርገን ደርድረናቸዋል። የአንዱ ዓይን በአንድ ፒክስል ከፍ ይበል ከተባለ ፊቱ ባለበት ሁሉ እየዞርን እንነካካለን፤ የሚዘለል አይጠፋም። የፋሲል ግቢ ግንብም ሲደጋገም ስፌቱ ያስታውቃል። ጨዋታው ውስጥ ካሜራው ሲንቀሳቀስም በታይሎቹ (እየተደጋገሙ በሚደረደሩት ካሬ ሥዕሎች) መካከል ቀጭን መስመር ብልጭ ይላል።

ያለን ለሥዕል ጂምፕ 2.10 እና ክሪታ 5፣ ጨዋታውን ለመገንባት ጎዶት 4 ነው፤ ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም። የሺቱ ሌየሮች (አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፉት የሥዕል ንብርብሮች) ተዋህደዋል፣ በእጃችን ያለው ፒኤንጂው ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

አዘዞ21፦

መጀመሪያ ችግሮቹን ለዩዋቸው። የጥላው ጉዳይ የቀለም ድግግሞሽ ነው፣ የመላእክቱ የቅርጽ ድግግሞሽ፣ የግንቡ ደግሞ የጠርዝ። በአንድ ዘዴ ሦስቱንም ለመፍታት ከሞከራችሁ ትደክማላችሁ። እኔ የቀለሙን ልውሰድ።

የቀለም ድግግሞሽ መድኃኒቱ ፓሌት (የምስሉ የቀለም ሰንጠረዥ) ነው። ምስሉ አርጂቢ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቀለም ተሸክሟል፤ ስለዚህ 24 ቦታ መሄድ ግድ ይላል። ኢንዴክስድ ሲሆን ግን ፒክስሉ የሚይዘው የሳጥን ቁጥር ብቻ ነው፣ ቀለሙ ያለው በፓሌቱ ሰንጠረዥ ላይ ነው። የ7ኛውን ሳጥን ቀለም ስትቀይሩ 7 ቁጥር የያዘ ፒክስል ሁሉ ባንዴ ይቀየራል። ኢንዴክስድ ፒኤንጂ እስከ 256 ቀለም ይይዛል፤ ለእናንተ ሥራ 32 እንኳ ይተርፋል።

ከመቀየራችሁ በፊት ስንት ቀለም እንዳላችሁ ቁጠሩ። ጂምፕ ውስጥ ከለርስ፣ ኢንፎ፣ ከለርኪዩብ አናሊሲስ ብትሉ ልዩ የሆኑ ቀለሞችን ብዛት ይነግራችኋል። በ20 ቀለም የሣላችሁት ሺት መቶዎችን ካሳየ ከሁለት አንዱ ሆኗል። ወይ በፔይንትብሩሽ ተሥሏል፤ የእርሱ ጠርዝ ለስላሳ ስለሆነ በቀይና በዳራው መካከል ብዙ መሐል ቀለም ይፈጥራል፣ ስለዚህ ፒክስል አርት በፔንስል (ኤን ቁልፍ) ብቻ ይሠራ። ወይ ፋይሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ተመልሷል። ቴሌግራም ፎቶን ወደ ጄፔግ ይጨምቃል። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ብሎክ እየከፈለ ይጨምቃል፣ የቀለሙን መረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ያስቀምጣል፤ ቀዩ ወደ ጎረቤት ፒክስል የሚፈሰው ለዚህ ነው። አልፋውም (የግልጽነቱ መረጃ) አብሮ ይጠፋል። በቡድናችሁ ውስጥ ስትላላኩ ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ።

አሁን ጥላውን ከካባው መለየት። ጥላው የላይኛው 14 ፒክስል ውስጥ መሆኑ ሥራውን ያቀለዋል፤ 24 ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ መምረጥ ይበቃል።

ሬክታንግል ሴሌክት ያዙ፣ በቱል ኦፕሽን ላይ ፖዚሽኑን 0 እና 0፣ መጠኑን 192 በ14 አድርጉ። ይህ የመጀመሪያውን ረድፍ 6 ጥላዎች ይይዛል። ከዚያ ሺፍት ይዛችሁ ፖዚሽኑ ወደ ታች 32፣ 64 እና 96 ላይ ሌሎቹን ሦስት ጨምሩ። ሴሌክት፣ ሴቭ ቱ ቻነል በሉ፤ ምርጫው ቻነል ሆኖ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ቻነሉን ስታስቀምጡ የሚሠራበት ነገር ቻነሉ ይሆናል፣ ቀጥሎ የምትሞሉት ቀለም ወደ ቻነሉ ይገባና ምስሉ ላይ ምንም አይታይም። ወደ ሌየር ፓነል ተመልሳችሁ ሌየሩን ንኩ።

ቀጥሎ ሴሌክት ባይ ከለር፦ ትሬሽሆልድ 0፣ አንቲአሊያሲንግ እና ፌዘር ኤጅስ የጠፉ፣ ሞዱ ኢንተርሴክት። የጥላውን ደማቅ ቀይ ስትነኩ በአራቱ ሰቆች ውስጥ ያለው ቀይ ብቻ ይመረጣል፣ ካባው ይቀራል። ያንን ምስሉ ውስጥ በየትም በሌለ ቀለም ሙሉት፤ ለምሳሌ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 255። ከዚያ ቻነሉን በቀኝ ክሊክ መልሳችሁ ወደ ሴሌክሽን ቀይሩና ለመካከለኛው ቀይ በ200፣ 0፣ 255፣ ለጥቁሩ ቀይ በ255፣ 0፣ 128 ድገሙት። ቀለሞቹ ለዓይን የሚከብዱ መሆናቸው ይጠቅማል፤ ያልተነካ ፒክስል ወዲያው ይታያችኋል።

እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ኢሜጅ፣ ሞድ፣ ኢንዴክስድ። ዲዘሪንግ (የሌለ ቀለምን በነጠብጣብ ማስመሰል) ኖን ይሁን። ያልተጠቀማችሁበትንና ተደጋጋሚውን ቀለም ከፓሌቱ የሚያስወግደውን ምልክት አጥፉ። ጥላው አሁን የራሱ ሦስት ሳጥን አለው። ከለርማፕ ፓነሉን ክፈቱ፣ ሳጥኑን ሁለቴ ንኩና ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ የፈለጋችሁትን ስጡት።

ሁለት ነገር አትርሱ። ጂምፕ በኢንዴክስድ ምስል ላይ አልፋን ወይ አለ ወይ የለም ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከዲያቆኑ እግር ሥር መሬት ላይ ያረፈ ግማሽ ግልጽ የአካሉ ጥላ ካለ አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ፋይል አውጡት። ሁለተኛ፣ የካባውና የጥላው ቀይ በፓሌቱ ላይ ሁለት ሳጥን ሆነው ተመሳሳይ ቀለም ቢይዙ ችግር የለም፤ ምስሉን ወደ አርጂቢ ስትመልሱት ግን ልዩነታቸው ይጠፋል። የጂምፕን ኤክስሲኤፍ ፋይል በኢንዴክስድ እንዳለ አስቀምጡ፣ ፒኤንጂው ውጤት ብቻ ይሁን።

እንፍራዝ_ልጅ፦

ለመላእክቱ ክሪታን ተጠቀሙ። ጂምፕ 2.10 ውስጥ የሌለ ነገር እዚያ አለ፤ ክሎን ሌየር። ክሎን ሌየር ምንጩን ሁልጊዜ የሚከተል ቅጂ ነው፤ ምንጩ ላይ አንድ ፒክስል ስታነሡ ቅጂዎቹ ሁሉ ያነሣሉ። ቅጂው ላይ በቀጥታ መሣል አይቻልም፤ በስህተት አንዱን ለይቶ ማበላሸት የለም ማለት ነው።

ስድሳውን ፊት ስድሳ ሌየር አታድርጉት። 8ቱን ፊቶች በአንድ ሌየር ላይ 4 በ2 አድርጋችሁ ደርድሩ፤ 128 በ64 ፒክስል ይሆናል። ሸራው 320 በ192 ነው። ከዚያ ሌየር ሜኑ ውስጥ ክሎንስ አሬይ የሚባለውን ክፈቱ። ለዓምዱ ወደ ጎን ርቀት 128፣ ወደ ታች 0። ለረድፉ ወደ ታች 64፣ ወደ ጎን ደግሞ 64 ስጡት፤ እያንዳንዱ ረድፍ በሁለት ፊት እንዲገፋ ነው። ይህ ካልተደረገ ያው ፊት ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ይሰለፍና ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ወደ ቀኝ 2 ዓምድ፣ ወደ ግራ 1 ዓምድ፣ ወደ ታች 2 ረድፍ ጨምሩ። የግራው ዓምድ የሚያስፈልገው ረድፉ ሲገፋ በግራ የሚከፈተውን ቦታ ለመሙላት ነው። ከሸራው የሚያልፈው አይታይም። በጠቅላላው 11 ክሎን ይበቃችኋል፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ምንም አይከብድም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ውበቱ ግን ፊቶቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ከመቶ በላይ ፊት ክንፍ ለብሶ ተደርድሯል፣ ሆኖም ዓይኖቹ የሚያዩበት አቅጣጫ እየተለያየ ሰዓሊው እያንዳንዱን በእጁ እንደሠራው ያስታውቃል። እንደ ማኅተም የተመታ ጣሪያ ብታቀርቡ የጎንደር ሰው ይከፋዋል። ስለዚህ ከክሎኖቹ በላይ አንድ ተራ ሌየር ክፈቱ፣ እዚያ ላይ በተመረጡ 15 ወይም 20 ፊቶች የዓይኑን ብሌን ብቻ በአንድ ፒክስል ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ አዙሩ። የተለየው በላይኛው ሌየር፣ የጋራው በምንጩ። በኋላ የፊቱን ቅርጽ ስታርሙ የብሌኖቹ ሥራ አይጠፋም። የዓይኑን ቦታ ራሱን ካነሣችሁ ግን ያ ሌየር አብሮ መነሣት እንዳለበት አስታውሱ።

ሁለት ቅንብር፦ ብሩሹ ከፒክስል አርት ቅድመ ዝግጅቶቹ አንዱ ይሁን፤ ትራንስፎርም ስትጠቀሙ ፊልተሩን ቦክስ አድርጉ። ሌላው ፊልተር ሁሉ ፒክስሉን ያደበዝዛል። ሌየር ስታንቀሳቅሱ ከግሪዱ ጋር እንዲጣበቅ ግሪዱን 32 በ32 አድርጋችሁ ስናፕን አብሩ።

የግንቡን ታይል ለመሥራትም እዚያው ክሪታ ውስጥ 32 በ32 ፋይል ክፈቱና ደብሊው ቁልፍን ንኩ። ራፕ አራውንድ ይባላል፤ ሸራው በአራቱም አቅጣጫ ራሱን ይደግማል፣ በቀኝ ጠርዝ የወጣው ብሩሽ በግራ ይገባል። ስፌቱን እየሣላችሁ ታዩታላችሁ።

ስፌቱ ግን የጠርዝ አለመግጠም ብቻ አይደለም። ጠርዙ ፍጹም ቢገጥምም፣ ታይሉ ውስጥ አንድ ጎላ ያለ ጥቁር ድንጋይ ካለ በየ32 ፒክስሉ ብቅ እያለ መስመር ይሠራል። መሠረታዊው ታይል ላይ ዓይን የሚስብ ነገር አታስቀምጡ። የጎላውን ድንጋይ፣ የተሰነጠቀውን፣ ሣር የበቀለበትን በተለየ ታይል አድርጋችሁ ከአሥር አንድ ጊዜ ጣል አድርጉት። የፋሲል ግቢ ዙሪያ ግንብ 900 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ታይል አንድ ሜትር ብትሉት 900 ታይል ርዝመት ይሆናል፣ ለእርሱ ግን አራት ተራ ታይል፣ ሁለት ልዩ ታይል እና የላዩ ጥርስ ይበቃሉ። የአራቱም ታይሎች የጭቃ መስመር ጠርዙ ላይ በአንድ ቁመት መውጣት አለበት፤ ለምሳሌ በግራም በቀኝም 8፣ 16 እና 24ኛው ፒክስል ላይ። ያን ጊዜ በየትኛውም ቅደም ተከተል ይገጥማሉ።

ጂምፕ ላይ መቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ፦ አንዱን 32 በ32 ክፍል ኮፒ አድርጉ፣ በኬት ፊሉ ላይ ፓተርን ፊል ምረጡና ክሊፕቦርድ የሚለውን ፓተርን ያዙ፣ የሚሞሉትን ክፍሎች ምረጡ፣ ሺፍት ይዛችሁ ንኩ። ሁሉም ይሞላል። ምንጩ ሲታረም እንደገና ኮፒና እንደገና ሙሌት ነው። ከመሙላት በፊት ዲሊት አድርጉ፤ የምንጩ ባዶ ፒክስል የቀድሞውን አይሸፍነውምና አሮጌው ሥዕል ከሥር ይታያል።

ቀሃ_ኮድ፦

የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ስድሳው ፊት ምስል ውስጥ ለምን ይቀመጣል? ጎዶት ታይልማፕ አለው፤ ታይሎችን በፍርግርግ የሚደረድር ነው። ሺቱ ላይ 8ቱን ፊቶች ብቻ አስቀምጡ፣ ጣሪያውን ታይልማፕሌየር ላይ ደርድሩት። 320 በ192 ምስል በማኅደረ ትውስታ ላይ በአራት ባይት በፒክስል 245,760 ባይት ይወስዳል፤ 8 ፊት 32,768 ባይት ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን ዋናው ጥቅም ሥዕሉ በአንድ ቦታ መኖሩ ነው፤ ፒኤንጂውን ስታስቀምጡ ጎዶት ራሱ ያድሰዋል፣ ጣሪያው በሙሉ ይታረማል። የብሌኖቹን ልዩነት ለማሳየት 4 ተጨማሪ ታይል ሣሉ።

ጥላውም ከዲያቆኑ ጋር መሣል የለበትም። ለብቻው ስፕራይት2ዲ ይሁንና የዲያቆኑ ልጅ ኖድ (ከእርሱ ጋር የሚንቀሳቀስ ክፍል) አድርጉት። ከፊትና ከኋላ ሲታይ ጥላ አንድ ዓይነት ነው፣ ከጎንም ብዙ አይለይም፤ ዘርፉ እንዲወዛወዝ 2 ፍሬም ብትሰጡት እንኳ ከ24 ወደ 4 ወረደ። እርምጃውን እንዲከተል በአኒሜሽን ፕሌየሩ ላይ የፖዚሽኑን ቁመት በየፍሬሙ ስጡት፦ 1ኛውና 4ኛው ፍሬም ላይ 0፣ 2ኛውና 5ኛው ላይ 1 ወደ ታች፣ 3ኛውና 6ኛው ላይ 1 ወደ ላይ። ጎዶት ላይ ወደ ታች ፖዘቲቭ ነው። ትራኩን ዲስክሪት አድርጉት፤ ካልሆነ በመካከል ግማሽ ፒክስል ላይ ይቆማል።

ቀለሙን በተመለከተ አራት ሺት ማውጣት ይሠራል፣ ግን የጥላውን ቅርጽ ስታርሙ አራቱንም እንደገና ታወጣላችሁ። በሼደር (ጎዶት ሲሥል የፒክስሎቹን ቀለም በሚያሰላ ትንሽ ኮድ) ይሻላል። ጥላውን በአራት ግራጫ ሣሉት፦ 0፣ 85፣ 170 እና 255። ሦስቱ የጨርቁ ጨለማና ብርሃን ደረጃ፣ አራተኛው የወርቁ ዘርፍ። ከዚያ 4 በ4 ፒክስል የሆነች ትንሽ ሠንጠረዥ ምስል ሥሩ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የጥላ ዓይነት፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ደረጃ። ሼደሩ የስፕራይቱን የቀይ ቻነል ዋጋ (ከ0 እስከ 1) ያነብባል፣ በ3 ያባዛዋል፣ 0.5 ይጨምራል፣ ለ4 ያካፍላል፤ ያ የሠንጠረዡ ዓምድ ነው። ረድፉን በማቴሪያሉ ላይ ቁጥር አድርጋችሁ ስጡት፣ እርሱም 0.5 ተጨምሮ ለ4 ይካፈል። ያቺ 0.5 የፒክስሉን መሐል ለመምታት ናት፤ ከቀረች ንባቡ ድንበር ላይ ያርፍና ወርቁ አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል። አልፋውን ከስፕራይቱ ራሱ ውሰዱ። አምስተኛ ቀለም ሲመጣ አንድ ረድፍ መጨመር ነው፤ ያኔ የረድፉን ማካፈያ 5 አድርጉት።

በቀላሉ ሞጁሌት (ስፕራይቱን በአንድ ቀለም የሚያቀልመውን የጎዶት ቅንብር) እንጠቀም የሚል ይኖራል። ሞጁሌት ያባዛል እንጂ አይተካም፤ ጨርቁ አረንጓዴ ሲሆን የወርቁ ዘርፍም ወደ አረንጓዴ ያጋድላል። ዘርፉን በሌላ ስፕራይት ካልለያችሁት በቀር አይሆንም።

ብልጭ የምትለዋ መስመር፦ ካሜራው ግማሽ ፒክስል ላይ ሲቆም ግራፊክሱ የጎረቤት ክፍልን ቀለም አብሮ ያነብባል። በፕሮጀክት ሴቲንግ ሬንደሪንግ፣ ቴክስቸርስ ሥር ያለውን የቴክስቸር ፊልተር ኒረስት አድርጉ፣ ምስሉ ወደ ጎዶት ሲገባ ኮምፕሬሽኑ ሎስለስ፣ ሚፕማፕ (የምስሉ የተቀነሱ ቅጂዎች) የጠፋ ይሁን። ታይልሴት አትላስ ላይ ዩዝ ቴክስቸር ፓዲንግ የሚለው በራሱ የበራ ነው፣ አታጥፉት። ለተራ ስፕራይት ግን ያ ጥበቃ የለም፤ በሺቱ ላይ ክፍሎቹን ማራራቅ ያስፈልጋል። በየጎኑ 2 ፒክስል ብትጨምሩ ክፍሉ 36 ይሆናል፣ 512 ውስጥ የሚገባው 14 በ14፣ ማለት 196 ክፍል ብቻ ነው። 256ቱንም ለመያዝ 576 በ576 ያስፈልጋል። መላእክቱንና ጥላዎቹን ካወጣችሁ በኋላ ግን 196 ሳይበቃችሁ አይቀርም። ለግንብ የተጨመረው 2 ፒክስል ባዶ እንዳይሆን፤ የጠርዙ ቀለም ራሱ ወደ ውጭ ይደገም። ባዶ ከሆነ መስመሩ ይቀርና ቀዳዳ ይተካዋል።

ቸቸላ_አኒሜ፦

ስለ ተዋሃደው ሺት ማንም አልመለሰም። በእጅ አትቁረጡት። ሊብሬስፕራይት የሚባለው የፒክስል አርት ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ቀላልም ነው፤ ፋይል ሜኑ ላይ ኢምፖርት ስፕራይት ሺት አለ። ስፋት 32፣ ቁመት 32፣ አቀማመጡ በረድፍ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፍሬም ሆኖ በታይምላይኑ ላይ ይደረደራል። ኤስፕራይት ላይም ያው ነው፤ የሚሸጥ ፕሮግራም ስለሆነ በውጭ ካርድ መክፈል የማይችል ሰው ሶርስ ኮዱን አውርዶ ለራሱ መገልገያ ኮምፓይል ማድረግ ተፈቅዶለታል።

እዚያ ከገባችሁ በኋላ ሊንክድ ሴል የሚባለውን ታገኛላችሁ። ጥላውን ወደ ራሱ ሌየር ቆርጣችሁ አውጡ፣ አንድ የሚሆኑትን ፍሬሞች ምረጡ፣ በቀኝ ክሊክ ሊንክ ሴልስ በሉ። ከዚያ አንዱ ላይ የሣላችሁት ሁሉም ላይ አለ። ልብ በሉ፣ ሊንክ የሆኑ ሴሎች ቦታቸውንም ይጋራሉ። የ3ኛውን ፍሬም ጥላ በአንድ ፒክስል ከፍ ካደረጋችሁ ሌሎቹም ይወጣሉ። ስለዚህ ስድስቱን በአንድ አታስሩ፤ 1ኛውን ከ4ኛው፣ 2ኛውን ከ5ኛው፣ 3ኛውን ከ6ኛው ጋር እሰሩ። በየአቅጣጫው ከ6 ወደ 3 ይወርዳል። የቀሃ_ኮድ መንገድ ከዚህ ይበልጣል፣ ግን ጥላው የዲያቆኑን እጅ የሚሸፍንበት ፍሬም ካለ እዚህ ማየት ይቀላል።

አቅጣጫን በመገልበጥ ለማግኘት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ወደ ቀኝ የሚሄደውን ገልብጦ ወደ ግራ ማድረግ 6 ፍሬም ያተርፋል፤ ለተራው ሕዝብ ይሁን። ቄሱ ግን መስቀሉን በቀኝ እጁ ነው የሚይዘው። ስትገለብጡት ወደ ግራ እጁ ይሄዳል፣ ጎንደር ላይ ይህን ሳያይ የሚያልፍ ተጫዋች የለም። እጁንና መስቀሉን በራሱ ሌየር አድርጉ፣ አካሉን ገልብጡ፣ እጁን ለሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ ሣሉ። ጽሑፍ ያለበት ነገርም አይገለበጥ፤ ፊደሉ ይገለበጣል። የግንቡም ብርሃን ከግራ የሚመጣ ከሆነ የተገለበጠው ታይል ከቀኝ የበራ ይመስላል።

ማራኪ_ፒክስል፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥላውን ለብቻው ልናደርገው፣ ጣሪያውንም ወደ ታይልማፕ ልንወስደው ተስማማን። አንድ ነገር ቀረን። የቀለሙ ቆጠራ ከ1,000 በላይ አሳይቷል፤ ሺቱ አንድ ጊዜ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኳል። 24 ቀለም ያለው የራሳችንን ፓሌት ሰጥተን ወደ ኢንዴክስድ ስንቀይረው የሰዎቹ ፊት በከፊል የግንብ ቀለም ያዘ። ከአርጂቢው እንደገና መጀመር አለብን?

አዘዞ21፦

አዎ፣ ከአርጂቢው ነው፤ ግን ሥዕሉን ከመጀመሪያው መሣል የለባችሁም፣ ሺቱን ከፋፍሉት። ሁሉንም በአንድ ፓሌት ስትቀይሩት ጂምፕ ለእያንዳንዱ ፒክስል የቅርቡን ቀለም ነው የሚፈልገው። የቆሸሸ የቆዳ ቡናማ ከግንቡ ቡናማ ጋር ከተቀራረበ ወደዚያ ይሄዳል፤ እርሱ የፊትና የድንጋይ ልዩነት አያውቅም።

ወደ አርጂቢው ተመለሱ። ሰዎቹ ያሉበትን ረድፎች ወደ አዲስ ምስል ቅዱ፣ 10 ወይም 12 ቀለም ብቻ ያለው የሰው ፓሌት ሥሩለት፣ ዲዘሪንግ ኖን አድርጋችሁ በዩዝ ከስተም ፓሌት ቀይሩ። ግንቡን ወደ ሌላ ምስል፣ ከ6 እስከ 8 ቀለም፤ በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ላለው ቀላ ያለ ድንጋይ ሁለት ቀለም ለይታችሁ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ወደ ቡናማው ይዋጣል። መላእክቱን ለብቻቸው። ግንቡ የሚሄድበት ቀለም ከሰዎቹ ፓሌት ውስጥ ከሌለ ፊት ላይ ሊወጣ አይችልም።

አልፋው ጠፍቶ ዳራው ነጭ ሆኖ ከሆነ ከለር ቱ አልፋ አትጠቀሙ፤ የነጠላውንም ነጭ ግልጽ ያደርገዋል። ፓሌቱ ውስጥ ለዳራው 255፣ 0፣ 255ን ጨምሩ። ገና በአርጂቢ ሳለ ፈዚ ሴሌክትን (ዩ ቁልፍ) ይዛችሁ ትሬሽሆልዱን 20 ገደማ አድርጉ፣ ከስፕራይቱ ውጭ ያለውን ዳራ ንኩና በዚያ ቀለም ሙሉ። ፈዚ ሴሌክት የሚይዘው የተያያዘውን ብቻ ስለሆነ በጥቁር መስመር የታጠረ ነጠላ አይነካም። መስመሩ በአንድ ፒክስል እንኳ ከተከፈተ ግን ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያኔ አንዱ ቦታ ላይ መስመሩን ዘግታችሁ እንደገና ምረጡ። ኢንዴክስድ ካደረጋችሁ በኋላ በሴሌክት ባይ ከለር፣ ትሬሽሆልድ 0፣ ያንን ቀለም መርጣችሁ ዲሊት፤ አስቀድሞ ሌየሩ ላይ አድ አልፋ ቻነል መባሉን አረጋግጡ።

የሚቀሩት በጠርዙ ላይ የተበተኑ ነጠላ ፒክስሎች ናቸው። እነርሱን በእጅ ነው፣ 800 ፐርሰንት አጉልታችሁ በፔንስል። ጥላውን ካወጣችሁና መላእክቱን ወደ 8 ካወረዳችሁ በኋላ ይህን ሥሩ፤ አሁን ብትጀምሩት የሚጣል ሥዕል ታጸዳላችሁ።